ሐዲዱ ተነስቶ መንገዱ ቀረ፦ መኪና በሌለበት የቡርጎኝ የወይን አገር በብስክሌት

በሊዮን ከተማ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያንና ቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ። እናቶችና አባቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ በእሁድ ከሰዓት እረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እዚያ ኋላ የተቀመጣችሁ ልጆችም እንኳን መጣችሁ። የዛሬው ወሬ ከማንም በላይ እናንተን ይመለከታል።

ስለ ብስክሌት ነው የማወራው። በ2024 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ጊዜ ቀድሞ ገብቶ አረንጓዴውን ማሊያ ሲወስድ ስንቶቻችን እንደጮህን ታስታውሳላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው፤ ልጆቹ እንዲከተሉኝ ብዬ ነው። ከእሱ በፊት በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በዚያ ውድድር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነበር። ልጆቻችን እነዚህን አይተው ብስክሌት ግዙልን ይላሉ። ወላጅም አይጨክንም፣ ይገዛል። ከዚያ ብስክሌቱ ምድር ቤት ገብቶ አቧራ ይጠጣል። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። መንገዱ ላይ መኪና አለ።

ይህን ፍርሃት ማንም እንዲያጣጥለው አልፈልግም። አንዲት እናት «ልጄን በዚህ መንገድ ላይ አልለቅም» ካለች ልክ ናት። የሚያስፈራት ብስክሌቱ አይደለም፣ ከኋላ የሚመጣው የጭነት መኪና ነው። ስለዚህ «አይዞሽ፣ ድፈሪ» ማለት መልስ አይሆንም። መልሱ መኪና የማይገባበት መንገድ ማሳየት ነው። እንዲህ ያለ መንገድ ደግሞ ቅርባችን አለ። ከዚሁ ከሊዮን፣ ከፓርዲዩ ጣቢያ በክልል ባቡር ማኮን ለመድረስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ከማኮን ወደ ሰሜን፣ ቡርጎኝ በሚባለው ክልል ውስጥ፣ በክሉኒ በኩል እስከ ሻሎን ድረስ፣ በወይን እርሻና በከብት መስክ መሃል ወደ 70 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ እንዲህ ያለ መንገድ ተዘርግቷል።

ፈረንሳዮች ቮዋ ቬርት ይሉታል፣ አረንጓዴ መንገድ እንደማለት ነው። ከ2004 ጀምሮ በመንገድ ሕጋቸው ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። ሞተር ያለው ተሽከርካሪ አይገባበትም። የእግረኛ፣ የብስክሌት፣ አንዳንድ ቦታም የፈረስ መንገድ ነው። በፔዳል የሚታገዘው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ግን ይፈቀዳል። ይህን የምለው ጉልበታችሁን ለሚያማችሁ ታላላቆቻችን ነው። እናንተም ተጋብዛችኋል።

አሁን ታሪኩን ልንገራችሁ፤ መንገዱ ለምን እንዲህ ምቹ እንደሆነ የሚገባን ታሪኩን ስናውቅ ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ፈረንሳይ ባቡርን ወደ ትናንሽ ከተሞች ሁሉ ለማድረስ ተነሳች። የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትሩ ሻርል ደ ፍሬሲኔ በ1879 ያስጸደቁት ዕቅድ በዚህ ይታወቃል። ሐዲድ ወደየገጠሩ ገባ። ወይን በበርሜል፣ ከብት በፉርጎ፣ ወታደር፣ ተማሪ፣ ገበያተኛ በዚያ ሐዲድ ሄደ። ከዚያ አውቶቡስና የጭነት መኪና መጣ። ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መሃል ጀምሮ ትናንሾቹ መስመሮች አንድ በአንድ ተዘጉ። መጀመሪያ ተሳፋሪው ቀረ፣ ቀጥሎ ጭነቱ ቀረ፣ በመጨረሻ ሐዲዱ ተነቀለ። ቁጥቋጦ ወረሰው።

የሶንና ሉዋር አውራጃ ምክር ቤት ያደረገው ነገር የሚደነቀው እዚህ ላይ ነው። መሬቱን ቆራርጦ ሊሸጠው ይችል ነበር። ያን አላደረገም። በ1997 ከጂቭሪ እስከ ክሉኒ ያለውን 44 ኪሎ ሜትር አስፋልት አልብሶ ለብስክሌትና ለእግረኛ ከፈተው። በፈረንሳይ የመጀመሪያው አረንጓዴ መንገድ ይህ ነው። በኋላ ወደ ደቡብ እስከ ማኮን አፋፍ፣ ወደ ሰሜንም እስከ ሻሎን ተቀጠለ።

የባቡር መሐንዲስ ዳገት ይፈራል። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል፤ የእንፋሎት ሞተር ደግሞ ጭኖ ዳገት አይወድም። ስለዚህ መንገዱ በመቶ ሜትር ውስጥ ከአንድ ወይም ከሁለት ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል ይጣር ነበር። ጉብታውን በዶማ ቆረጡት። ሸለቆውን በአፈር ሞሉት። ተራራው እምቢ ሲል በሱት። ያ ሁሉ ድካም ለበርሜልና ለፉርጎ የተደከመ ነው። ዛሬ ግን ጥቅሙን የሚያገኘው የስድስት ዓመት ልጅ ነው። ስፖርት ሠርታ የማታውቅ ሴት ናት። የሰባ ዓመት አባት ናቸው። ዳገት አለ፣ ግን አይሰማም። ማርሽ ሳትቀይሩ ወሬ እያወራችሁ ትወጡታላችሁ።

ቦዮቹም እንደዚሁ ናቸው። ውሃ ጨርሶ ዳገት አይወጣም። ስለዚህ ቦዩ ለጥ ብሎ ይሄድና ከፍታ መቀየር ሲፈልግ ባለ ሁለት በር የውሃ ክፍል ይሠራለታል። ጀልባዋ ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃ ይሞላል ወይም ይጎድላል፣ ጀልባዋም ከፍ ወይም ዝቅ ብላ ትወጣለች። ካናል ዱ ሶንትር የተባለው፣ ኤሚላን ጎቴ የተባለ መሐንዲስ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የሠራው ቦይ፣ በሻኚና በሻሎን መካከል በወይኑ አገር ግርጌ ያልፋል። ድሮ ጀልባ የሚጎትቱ ሰዎችና ፈረሶች የሄዱበት የቦዩ ዳር ዛሬ የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ልጆች እዚያ የሚቆሙት በሮቹ ጋ ነው። አንድ ጀልባ ሲያልፍ ማየት ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ከዚያ እነሱን ማንቀሳቀስ ከባድ ነው። ተዉአቸው፣ ይዩ።

ከጂቭሪ እንነሳ እንበል። ጂቭሪ ትንሽ የወይን ከተማ ናት። ንጉሥ አራተኛው ሄንሪ የዚህን ቦታ ወይን ይወድ ነበር ይባላል። ከከተማው እንደወጣችሁ መንገዱ ቀጥ ይላል። በቀኝ በኩል ኮረብታው ላይ ወይን፣ በግራ በኩል መስክ ነው። መስኩ ላይ ሻሮሌ የሚባሉት ነጫጭ ከብቶች ተኝተዋል፤ ይህ አውራጃ አገራቸው ነው። መንገዱ ለጥ ያለ አስፋልት ስለሆነ ጎማ ባለው ጫማ የሚንሸራተቱ ወጣቶች፣ የሕፃን ጋሪ የሚገፉ አባቶች፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎች ታገኛላችሁ። ስታልፏቸው ደወል ደውሉ፣ «ቦንዡር» በሉ። እንደ አገር ቤት መንገድ ነው፤ ሰላምታ ሳይሰጡ ማለፍ ነውር ነው።

ቀጥሎ ቡሲ አለች። ሲጻፍ ሌላ ይመስላል፣ የአገሬው ሰው ግን ቡሲ ነው የሚላት። የዚህች ከተማ ወይን አምራቾች ከ1931 ጀምሮ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተዋል። ይህን ማንሳት የፈለግኩት በምክንያት ነው። ስለ ፈረንሳይ ወይን ስናስብ ትልቅ ግቢና ባለጸጋ ቤተሰብ ይታየናል። እዚህ ግን ብዙው ሰው ትንሽ ማሳ ያለው ገበሬ ነው። መጭመቂያውንና ወይን የሚቀመጥበትን ጓዳ ብቻውን መግዛት ስለማይችል ከጎረቤቱ ጋር ገዛ። ብስክሌት ላይ ሆናችሁ ስታልፉ ይህ ይታያችኋል። ገበሬው በረንዳ ላይ ቱታ ለብሶ ትራክተሩን ያጥባል። ሚስቱ ሣጥን ትደረድራለች። በመኪና የሚያልፍ ሰው የሚያየው ታፔላውን ብቻ ነው።

ሳን ዦንጉ የመካከለኛው ዘመን ጠባብ መንገዶች ያሏት ከተማ ናት፤ ለቡና ጥሩ ማረፊያ ናት። ኮርማታን ላይ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራ፣ ውሃ የከበበው ቤተ መንግሥት አለ። ከዚያ ቀጥሎ ከኮረብታው ላይ ቴዜ ይታያል። ብዙዎቻችሁ ስሙን ታውቁታላችሁ፤ ወንድም ሮዤ በ1940 የመሠረቱት፣ ከየአገሩ ወጣቶች ለጸሎት የሚመጡበት ማኅበር ነው። ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ጴንጤውም ተቀምጦ ሲዘምር ታገኛላችሁ። መንገዱ ከሥሩ ነው የሚያልፈው። ወደ ላይ ያለችው አጭር አቀበት ግን ለባቡር የተሠራች አይደለችም፣ ወርዳችሁ ብትገፉም ችግር የለውም።

ከዚያ ክሉኒ። እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

የክሉኒ ገዳም በ910 ተመሠረተ። በ1088 የተጀመረው ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያኑ 187 ሜትር ርዝመት ነበረው። ሮም ላይ አዲሱ ቅዱስ ጴጥሮስ እስኪሠራ ድረስ በምዕራቡ ክርስትና የሚበልጠው አልነበረም። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ተሸጠ። የገዙት ሰዎች ድንጋዩን እየፈለጡ ለቤት ሥራ ሸጡት። ዛሬ የቀረው ከአሥር እጅ አንዱ ቢሆን ነው፤ ከሁሉም የሚታየው የጸበል ደወል ቤት የሚሉት ባለ ስምንት ማዕዘን ግንብ ነው። መሬት ላይ የዓምዶቹ ቦታ ምልክት ተደርጎበታል። ልጆቻችሁን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው አስኪዷቸው። ርዝመቱን በእግራቸው ሲለኩት ነው የሚገባቸው። ላሊበላን ያየ ሰው እዚህ ሲቆም አንድ ነገር ይሰማዋል። በድንጋይ የተገነባው እየተፈለጠ ተሸጠ፤ ከድንጋይ ተፈልፍሎ የወጣው የእኛው ደግሞ እስከ ዛሬ ይቀደስበታል።

ወይኑንና ገዳሙን መለየት አይቻልም። መነኮሳቱ ለቅዳሴም ለእንግዳም ወይን ያስፈልጋቸው ነበር። መሬት ነበራቸው፣ ጊዜ ነበራቸው፣ መጻፍ ይችሉ ነበር። በ1098 ከተመሠረተው ከሲቶ ገዳም የወጡት መነኮሳት ደግሞ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ቩዦ በሚባል ቦታ፣ በግንብ የታጠረ የወይን ማሳ አለሙ። የትኛው ማሳ ምን ዓይነት ወይን እንደሚሰጥ ለብዙ መቶ ዓመታት አስተዋሉ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለቁርባን ዘቢብ እንደሚዘጋጅ ታውቃላችሁ። ወይን በማይበቅልበት ቦታ ሁሉ ይህን ማዘጋጀት ምን ያህል ልፋት እንደነበር የካህን ልጆች ይነግሩናል። እዚህ የሆነው በተቃራኒው ነው፤ ከቅዳሴ የጀመረው ፍላጎት አንድን ኮረብታ ሙሉ ወይን አለበሰው።

ከክሉኒ ወደ ማኮን ስትወርዱ የቧ ክሌር ዋሻ ይገጥማችኋል። ርዝመቱ 1.6 ኪሎ ሜትር ነው። አፉ ላይ ስትደርሱ ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ፊታችሁን ይመታል። በሐምሌ ሙቀት እንኳ ሹራብ ያስፈልጋል፤ ከሻንጣው ላይ አድርጉት፣ ሥሩ አትቅበሩት። ውስጡ መብራት አለው፣ የራሳችሁንም አብሩ። ግድግዳው ያንጠባጥባል። ልጆች መጮህ ይወዳሉ፣ ድምፁ ርቆ ሄዶ ይመለሳል። በፈረንሳይ ክረምት፣ በብርዱ ጊዜ ግን ዋሻው ይዘጋል። ምክንያቱ የሌሊት ወፎች ናቸው። በብርዱ ወራት እዚያ ይተኛሉ፣ ከተቀሰቀሱም ያከማቹት ስብ አልቆ ሊሞቱ ይችላሉ። ያኔ በኮረብታው ላይ የሚዞር መንገድ አለ፤ እሱ እውነተኛ ዳገት ነው። ከትንሽ ልጅ ጋር የምትሄዱ ከሆነ ከፋሲካ በኋላ ያለውን ወቅት ምረጡ፤ ከመነሳታችሁ በፊትም ዋሻው መከፈቱን አረጋግጡ።

እስካሁን የነገርኳችሁ የባቡሩን መንገድ ነው። የቡርጎኝን ወይን በቅርብ ማየት ለሚፈልግ ግን ሌላ መንገድ አለ። ከቦን ከተማ እስከ ሳንትኔ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የወይኖች መንገድ ይሉታል። ይህኛው ከባቡር የተወረሰ አይደለም፤ ገበሬዎቹ ወደ ማሳቸው የሚሄዱበት መንገድ ነው። ስለዚህ ትንንሽ አቀበቶች አሉት፣ ትራክተርም ይገጥማችኋል። በመንደሮቹ ውስጥም ጥቂት መኪና አለ። ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር ጥሩ አይሆንም። ትራክተሩ ራሱ መታየት ያለበት ነው። እግሩ ረጅም ነው፣ ወይኑን በእግሮቹ መሃል አሳልፎ ከላይ ይሄዳል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ወርዳችሁ ዳር ያዙ፣ አሳልፉት። ሠራተኛው ሥራ ላይ ነው፣ እኛ እንግዶች ነን።

ፖማር፣ ቮልኔ፣ ሜርሶ፣ ፑሊኒ፣ ሻሳኝ። የወይን ነጋዴ እነዚህን ስሞች ሲሰማ ይቆማል። እናንተ ግን በየሩብ ሰዓቱ አንዱን ታልፋላችሁ። የወይኑ ተክል ከጠበቃችሁት ያነሰ ነው፤ ከወገብ እምብዛም አይበልጥም። በአንድ ሄክታር ላይ ወደ 10,000 የሚደርስ ግንድ ተጠጋግቶ ይተከላል። ወርዳችሁ ጎንበስ በሉና አንዱን ግንድ ተመልከቱ። ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ እብጠት አለ። ያ እብጠት ቁስል ነው። በ1860ዎቹ ፊሎክሴራ የምትባል ከአሜሪካ የመጣች ጥቃቅን ነፍሳት የፈረንሳይን ወይን ሥሩን እየበላች አደረቀችው። መላ ያገኙት በብዙ ልፋት ነው። የአሜሪካ ወይን ሥር ነፍሳቷን ይቋቋማል፣ ፍሬው ግን አይወደድም። ስለዚህ የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ በአሜሪካው ሥር ላይ ቀጠሉት። ዛሬ የምታዩት ግንድ ሁሉ ማለት ይቻላል ከእብጠቱ በታች አሜሪካዊ፣ ከእብጠቱ በላይ ፈረንሳዊ ነው። ከአንድ አገር ሥር፣ ከሌላ አገር ቅርንጫፍ። በስደት ልጅ ለምናሳድግ ሰዎች ይህ ግንድ የሚናገረው አለው።

ማሳዎቹ በዝቅተኛ የድንጋይ ካብ ተከልለዋል። በዚህ ኮረብታ ላይ 1,247 ስም ያላቸው ማሳዎች አሉ፤ ዩኔስኮ በ2015 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። የአንዱ ማሳ ወይን ከሌላው በካብ ብቻ ተለይቶ ዋጋው በብዙ እጥፍ ይራራቃል። ሞንራሼ የሚባለው ማሳ ለምሳሌ ስምንት ሄክታር ገደማ ነው። በብስክሌት ከጎኑ ስታልፉ ደቂቃዎች አይፈጅባችሁም። የሚለየው የአፈሩ ጥልቀት፣ የውሃው መውረጃ፣ የፀሐዩ አቅጣጫ ነው። ይህን ለመረዳት ጠጪ መሆን አያስፈልግም። ከመሬቱ ጋር የተያያዘ ሰው ልጅ የሆነ ሁሉ ይገባዋል። አባቴ አገር ቤት «ይህ ማሳ ጤፍ ይወዳል፣ ያኛው ስንዴ» ሲል ከካቡ ወዲያና ወዲህ ያለውን ነበር የሚያወራው።

በጥርና በየካቲት ብትሄዱ ቅጠል የለም፣ ሰው ግን አለ። ገራዡ በመቀስ ቅርንጫፉን ይቆርጣል፣ በግማሽ በርሜል በተሠራ የእጅ ጋሪ ላይ ያቃጥላል። ጭሱ ኮረብታው ላይ ተዘርግቶ ይታያል። እጁንም እዚያው ይሞቃል። በሚያዝያ ደግሞ ውርጭ ይፈራሉ። ቡቃያው ከወጣ በኋላ አንድ የውርጭ ሌሊት የዓመቱን ምርት ሊበላው ይችላል። በ2021 ሚያዝያ የሆነው ይህ ነው። ገበሬዎቹ ሌሊቱን በየረድፉ እሳት እያነደዱ አደሩ፤ ያም ሆኖ ብዙዎቹ አብዛኛውን ምርት አጡ። ለቀማው በመስከረም፣ አንዳንዴም በነሐሴ መጨረሻ ነው። የእንቁጣጣሽና የመስቀል ሰሞን ማለት ነው። ከመካከላችን ለለቀማ ሄደው የሠሩ ወጣቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ጎንበስ ብሎ መዋል ወገብ እንደሚሰብር እነሱ ይንገሯችሁ። በዚያ ወቅት በብስክሌት የምታልፉ ከሆነ የለቃሚዎቹን መኪናና ሣጥን አትዝጉባቸው፤ ፍሬም አትቅጠፉ። የሰው እንጀራ ነው።

ሌሎች ቦታዎችን ባጭሩ ልጥቀስ። ቦርዶ ዘመድ ያላችሁ የሮዤ ላፔቢን መንገድ ሞክሩ። ከ2017 ጀምሮ ለግል መኪና የተዘጋውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግራችሁ፣ ከላትሬን በክሬዮን በኩል እስከ ሶቭተር ድረስ በድሮ የባቡር መስመር ላይ ነው። ላፔቢ የ1937 የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊ ነው፤ ማርሽ መቀየሪያ ባለው ብስክሌት ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ነው። በመንገዱ ላይ በ1079 የተመሠረተው የላ ሶቭ ገዳም ፍራሽ አለ። መንገዱ ጥላ አለው፣ ለበጋ ጥሩ ነው። ከቱሉዝ ወደ ቦርዶ አቅጣጫ የሚወርደው የጋሮን ቦይም 193 ኪሎ ሜትር ነው፣ አብዛኛው ለስላሳ ነው። ከቱሉዝ ወደ ሜዲትራንያን የሚወርደው የሚዲ ቦይ ስሙ ትልቅ ነው፤ በ1681 ያለቀ ድንቅ ሥራ ነው። ግን ዳሩ ብዙ ቦታ ሥር የበዛበት ጠጠርና አፈር ነው። ለጀማሪና ለልጅ አልመክረውም።

እዚህ ላይ ልቤ ወደ አገር ቤት ይሄዳል። የፈረንሳይ መሐንዲሶች ይህን ሁሉ የገጠር ሐዲድ በዘረጉበት ዘመን ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣውንም መስመር ሠርተዋል። በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። በ1917 አዲስ አበባ ገባ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ሲመረቅ አሮጌው በአብዛኛው ቀድሞ ቆሞ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያሉት ትናንሽ ጣቢያዎች ባቡር ካዩ ዓመታት አልፈዋል። ሐዲዱ በየቦታው ተወስዷል፣ አፈሩ ግን የተደለደለው አንድ ጊዜ ነው። አንዷን ከተማ ከጎረቤቷ የሚያገናኝ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንኳ ለተማሪና ለብስክሌት ቢሰጥ ምን እንደሚሆን እያሰብኩ ነው የምሄደው። በድሬዳዋ ብስክሌት የሚወድ ሰው ሞልቷል። መሬቱ ለጥ ያለ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በምክር ቤት ውሳኔ የሚጀመር ነው፤ ሶንና ሉዋርም ያደረገው ይህንኑ ነው። እዚህ ካላችሁት መሐንዲሶች መካከል ይህን ማሰብ የሚፈልግ ካለ በቁም ነገር ላወራው እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ተግባሩ።

መጠጥ። የወይን አገር ነውና መናገር አለብኝ። በፈረንሳይ ሕግ በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም አልኮል የሚለው ገደብ ብስክሌተኛንም ይመለከታል። ጓዳ ገብቶ መቅመስ ይቻላል፤ ቀማሾቹ ራሳቸው አፋቸው ውስጥ አዙረው ይተፉታል፣ ማስቀመጫም አለ። መትፋት እዚህ ነውር አይደለም። የወደዳችሁትን ገዝታችሁ በፖስታ አስልኩት፤ ጠርሙስ ከባድ ነው። የማትጠጡ፣ ሙስሊም እህት ወንድሞቻችንም፣ «ወይን አገር ምን እናደርጋለን» አትበሉ። የወይን ጭማቂ በብዙ ቤት አለ። እስካሁን የነገርኳችሁን ሁሉ ለማየት ደግሞ ብርጭቆ ማንሳት አያስፈልግም።

ምግብ። የገጠር ምግብ ቤት ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ነው የሚያበላው፣ በእኛ ሰዓት። ከዚያ በኋላ ወጥ ቤቱ ይዘጋል። እሁድ ከሰዓት ሱቅም የለም። ጿሚ ከሆናችሁ ስንቅ ያዙ፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከየትኛውም የስፖርት ብስኩት ይበልጣል፣ ሙቀትም አያበላሸውም። ውሃ በየከተማው ይገኛል።

ልጆች። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሄልሜት ማድረግ ግዴታው ነው፣ ከኋላ ተጭኖም ቢሆን። ከ2017 ጀምሮ ሕግ ነው። አረንጓዴው መንገድ የመኪና መንገድ የሚያቋርጥባቸው ቦታዎች አሉ፤ አጥር መሰል ማገጃ ታያላችሁ። እዚያ ሁልጊዜ ቁሙ። ልጁን ከቤት ሳትወጡ አስተምሩት፦ ማገጃ ሲያይ ይውረድ። ለቀኑ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ለልጅ ይበቃዋል። ትርፍ ካላማዳሪያና ትንሽ መንፊያ ያዙ። ብስክሌት የሌላችሁ በሻሎንም በክሉኒም ኪራይ አለ። ማደሪያ ስትፈልጉ «አኬይ ቬሎ» የሚል ምልክት ያለበትን ምረጡ፤ ብስክሌቱን የሚቆልፉበት ቦታ አላቸው።

ሻይ ላይ ሁለት ጥያቄ ተጠይቄ ነበር፣ ለሁላችሁም ልመልስ። አንደኛዋ እህቴ «መሃል መንገድ ላይ ብንደክምስ?» ብላኛለች። ከሊዮን ተነስቶ በማኮን፣ በሻሎን፣ በሻኚ፣ በቦን በኩል ዲዦን የሚደርሰው የክልል ባቡር አሁንም ይሠራል። በሻኚና በሻሎን መካከል ባለው ቦይም ሆነ ከቦን በሚነሳው መንገድ ላይ ከሆናችሁ ጣቢያው ቅርብ ነው። ጂቭሪና ክሉኒ መካከል ከሆናችሁ ግን ባቡሩ ኮረብታውን ተሻግሮ ነው ያለው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ጉዞ ጂቭሪና ቡሲ ደርሳችሁ ወደ ሻሎን ተመለሱ። ሁለተኛው ጥያቄ ብስክሌት ባቡር ላይ ይከፈልበታል ወይ የሚል ነው። በዚህ መስመር የክልል ባቡር ላይ አይከፈልም፣ ቦታው ግን ውስን ነው። አሥር ሆነን አንድ ባቡር ላይ አንወጣም። ለዚህ ነው በመስቀል ሰሞን ለምናደርገው ጉዞ በሦስት ቡድን የተከፋፈልነው። የመጀመሪያው ቡድን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ሕፃናት ያላችሁ በሁለተኛው ተመዝገቡ፤ መዝገቡ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው።